መብራቱን ማን በላው?

ለዛሬ የፍቅሩን ጉዳይ ትንሽ ገታ እናድርገውና ስለ ቆጣሪ እናውራ። አትሳቁ! ሰሞኑን ከባሕር ዳር የደረሰችኝ ደብዳቤ ከመብራት ቢል ተነሥታ የት እንደደረሰች ብታዩ እናንተም አትስቁም።

ጸሐፊዋ ካገባች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ከባሏ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ግቢው ውስጥ አከራይቷን ጨምሮ አምስት ቤተሰብ አለ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ ነው። ቢል ሲመጣ ለአምስት ይካፈላል። ባለፉት ሁለት ወራት ታዲያ የእነሱ ድርሻ እጥፍ ሆነ። አከራይቷ "ፍሪጅ ያስገባችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ከአሁን በኋላ ግማሹን ትከፍላላችሁ፣ አይ ካላችሁ ቤቱን ልቀቁ" አሏቸው። ባልየው ይህን ሰምቶ ቤት ሲገባ "ያንቺ ካውያ ነው ጉድ ያፈላው፤ ለእያንዳንዷ ቀሚስ እየሰካሽ!" አላት። እሷስ መች ታንሳለች? "አንተስ እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን ላይ የምታፈጠው በሻማ ነው?" አለችው። ከዚያ ወዲህ ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው የሚያድሩት። "እናቴ ቤት ልሂድ ወይስ ልታገሥ?" ብላ ትጠይቀኛለች።

እህቴ፣ የትም አትሂጂ። መጀመሪያ የደልጊውን ታሪክ ላጫውትሽ፤ ከዚያ ወዳንቺ እመለሳለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ደልጊን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከጣና በስተምዕራብ ዳርቻ ያለች የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሚወስደው የመርከብ መስመር ላይ ካሉት ወደቦች አንዷ። እዚያ አክስቴ አለችኝ፤ የእናቴ ታላቅ። ባሏ ከሞተ በኋላ የምትኖረው ከግቢዋ ውስጥ ሦስት ክፍሎች አከራይታ ነው። በአንደኛው አንዲት ወጣት መምህርት፣ በሁለተኛው ፀጉር አስተካካይ ልጅ፣ በሦስተኛው ባልና ሚስት ከአንድ ልጃቸው ጋር። ቆጣሪው እንደ ባሕር ዳሩ አንድ ነው። ቢሉ ለአራት እኩል ይካፈላል።

እኔ የደረስኩት ለግንቦት ልደታ ነበር። ልደታን ታውቃላችሁ፤ ጎረቤት ሁሉ ከቤት ወጥቶ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ዳቦው ተቆርሶ አብሮ የሚበላበት ቀን ነው። የአክስቴ ግቢ ሰው ሁሉ ወጥቷል። የመምህርቷ በር ግን ተዘግቷል። ውስጥ እንዳለች ጫማዋ ደጅ ላይ ይታያል። "ምነው፣ አትጠሯትም?" ብል ሁሉም መሬት መሬት አዩ። የባልና ሚስቱ ልጅ ብቻ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ "እሷ መብራት ሰርቃለች" አለኝ።

ማታ አክስቴ ቡና አፍልታ ጉዱን ዘረገፈችው። "ልጄ፣ ሌባ አስገብቼ ተቀምጫለሁ! የየካቲት ቢል እንደወትሮው ነው። የመጋቢት ሲመጣ ከሦስት እጥፍ በላይ! አንች፣ ከሦስት እጥፍ በላይ! ባጣራ እሷ ለካ ጾም ሲገባ ከባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ምድጃ አስመጥታለች። ሳትነግረኝ! ግማሹን አስከፈልኳት፤ ግንቦት ሲያልቅ ቤቴን ልቀቂ አልኳት።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ምን ትላለች? ዝም ብላ ከፈለች። ጥፋተኛ ባትሆን ዝም ብላ ትከፍላለች?"

በማግስቱ መምህርቷ ጋ ጎራ አልኩ። መጻሕፍቷን በካርቶን እየከተተች ነው። ምድጃዋ ጥግ ላይ ናት፣ አንድ ጠመዝማዛ ሽቦ ያላት ትንሽዬ ነገር። ለምን ዝም ብላ እንደከፈለች ጠየቅኋት። "ብከራከር ነገሩ ከግቢው ይወጣል ብዬ ነው" አለችኝ። "ዝም ብልም ወጣ። ትናንት ክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ ከኋላ ሆኖ 'ቲቸር፣ መብራቱን ላጥፋ?' ሲል ሁሉም ሳቁ።" ከዚህ በላይ አላወራችም፤ ካርቶኗን በገመድ ማሰር ቀጠለች።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ደልጊ ትንሽ ከተማ ናት። ለአንድ አስተማሪ ስም ማለት ደመወዝ ማለት ነው። ደሙ የፈላው እሷ ሳትሆን እኔ ነበርኩ። በዚያ ላይ ከትምህርት ቤት የወጣሁት ቅርብ ጊዜ ስለነበር የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ገና ከራሴ አልጠፋም። ለአክስቴ "ሁለቱንም ቢሎች አሳዪኝ" አልኳት።

አክስቴ ወረቀት አትጥልም፤ ከሥዕለ ማርያሟ ጀርባ አጣጥፋ ነው የምታስቀምጠው። ቢሉን ሰው ሁሉ ሲያነብ ዓይኑ የሚሮጠው ብሩ ላይ ነው። ብሩን ተዉት። ቢል ላይ ሁለት ንባቦች አሉ፣ ያለፈው ወር ንባብና የዚህ ወር ንባብ። የሁለቱ ልዩነት የበላችሁት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ደግሞ አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ የሚጨርሰው ነው። የየካቲቱ 187 ይላል። የመጋቢቱ 459። ልዩነቱ 272።

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ንባቡ ላይ ነበር። ቆጣሪ አንባቢ ሳይመጣ ሲቀር ቢሉ በግምት ይወጣል፤ በሌላው ወር እውነተኛው ሲነበብ የተጠራቀመው ባንዴ ዱብ ይላል። እንዲህ ሲሆን ማንም ሌባ የለም፣ የሁለት ወሩ ዕዳ ባንዱ ወር መጣ እንጂ። ስለዚህ ወጥቼ የቆጣሪውን ቁጥር ከቢሉ ጋር አስተያየሁ። ቆጣሪው ከቢሉ ጥቂት ቀደም ብሏል፤ ከተነበበ በኋላ ባሉት ቀናት መቀደም ያለበትን ያህል። የካቲትም መጋቢትም በትክክል ተነበዋል። ቢሉ አልዋሸም።

ፀጉር አስተካካዩ በበኩሉ "ታሪፍ ተጨምሮ ነው" የሚል ሐሳብ ነበረው። እውነቱን ነው፣ ተጨምሯል። ለ12 ዓመታት ያህል ሳይነካ የቆየው የመብራት ዋጋ በታኅሣሥ 2011 ተለውጧል፤ ጭማሪውም በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚገባ ነበር። ግን የካቲትም መጋቢትም ከታኅሣሥ በኋላ ናቸው፤ ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ዋጋ ነው። ታሪፍ ብር ይጨምራል፣ ኪሎ ዋት ሰዓት አይጨምርም። እኛ የጠፋብን ደግሞ 272 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

አክስቴ ታሪፍ ሲነሣ የራሷ አቤቱታ አላት። ከደልጊ የሐይቁን ዳር ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ቁንዝላ ይደርሳል። የጣና ውሃ እዚያ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ገብቶ ወደ በለስ ይወርዳል፤ በግንቦት 2002 የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የሚሰጠው በዚህ ውሃ ነው። "ውሃው የኛ፣ ቢሉም የኛ!" ትላለች አክስቴ። ለዚህ ፊዚክሴ መልስ የለውም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ቤት ስለሚውል ግቢውን ሰበሰብኩ። መምህርቷ ከልመና በኋላ ወጣች፤ ግን በሯ ላይ ነው የቆመችው። ሐሳቤን ነገርኳቸው። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ገብቶ የተሰካውን ሁሉ ይንቀል፣ አምፑሉን ሁሉ ያጥፋ፤ የስልክ ቻርጀር እንኳ እንዳትቀር። ከዚያ ሁላችንም ቆጣሪው ፊት እንቁም።

ቆጣሪው የድሮው ዓይነት ነው። መስተዋቱ ውስጥ የምትሽከረከር ስስ ጠፍጣፋ ብረት አለች፤ ጠርዟ ላይ ጥቁር ምልክት ስላለባት ዙሯን መቁጠር ይቻላል። ፊቱ ላይ ስንት ጊዜ ስትዞር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚሞላ ተጽፏል፤ የአክስቴ 375 ይላል።

ሁሉም ነገር ሲነቀል ብረቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አልነቃነቅም አለች። እሷ በመቆሟ ብቻ ሁለት ነገር ታወቀ። አንደኛ፣ በዚያ ሰዓት ከውጭ ተጠልፎ መብራት የሚወስድ ሽቦ የለም። አክስቴ በጓዳ የአጥር ጎረቤቷንም ትጠረጥር ነበርና ለሰላምታዋ ጥሩ ሆነ። ሁለተኛ፣ መሬት የነካ ወይም የተላጠ ሽቦ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ አይደለም። ሁሉ ጠፍቶ ብትዞር ኖሮ ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል፣ ሰው ይገድላል፤ ያኔ ሥራው የእኔ ሳይሆን የባለሙያ ይሆን ነበር።

"በሉ አሁን መምህርቷ ብቻ ታብራ" አልኩ። አምፑሏንና ቻርጀሯን ሰካች። ጥቁሯ ምልክት ከመስተዋቱ ጫፍ ተነሥታ እንደ ኤሊ ተሳበች። አንዲት ዙር ሳትሞላ ልጁ መጠበቅ ሰልችቶት ሄደ። ቀጥላ ምድጃዋን ሰካች። ብረቷ ፈጠን አለች፤ በደቂቃ ስድስት ዙር። አክስቴ "አየሽ! አየሽ!" ብላ አጨበጨበች። መምህርቷ ፊቷ ቀላ።

የፀጉር አስተካካዩ ቤት ራዲዮና አምፑል ነው፤ መቁረጫ ማሽኑ ያለው ሱቁ ውስጥ ነው። ባልና ሚስቱ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር አላቸው። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የምድጃዋን ሩብ አይሞሉም። የቀረችው አክስቴ ናት። አምፑሎቿን አበራች፣ ቴሌቪዥኗን ከፈተች፣ "ጨረስኩ" አለች።

"ምጣዱስ?"

"ምጣዱን ምን ታደርጊዋለሽ? ያው የድሮው ምጣድ ነው! እሱን ዛሬ አልገዛሁት።"

"ለአንድ ደቂቃ ብቻ እትዬ፣ አብሪው።"

እያጉረመረመች ገብታ ሰካችው። ውድ አንባብያን፣ ያቺ ብረት ምን እንደነካት አላውቅም! ጥቁሯ ምልክት አልፋ ተመልሳ ስትመጣ ዓይን አይቀልባትም። ልጁ ድምፁን ሰምቶ ተመለሰና ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ በአንድ ደቂቃ 22። ሃያ ሁለት ጊዜ 60 ለ375 ሲካፈል ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ይመጣል። የሸክላው ምጣድ ያው ነው፤ በየቤቱ ያለው ሁሉ ሦስትና አራት ኪሎ ዋት መካከል ነው የሚስበው። የድሮ 60 ዋት አምፑል በ17 ሰዓት የሚጨርሰውን ምጣድ በ17 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ "ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል" ሲል ሰማሁት። አክስቴም ሰማችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ድሮ የምትጋግረው ለቤቷ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት። በወር 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን አንድ ምግብ ቤት "እንጀራ በየቀኑ አምጪልን" አላት። በያይነቱ የሚበላው በዝቶ ነዋ! እሷም ተስማማች። ከእሑድ በቀር በየቀኑ፣ ጠዋት ትንሽ፣ ቀን ትንሽ፣ ማታ ትንሽ፣ ሲደመር ሦስት ሰዓት ትጋግራለች። በመጋቢት 25 ቀን ጋግራለች። ሃያ አምስት በሦስት በሦስት ተኩል... 262 ኪሎ ዋት ሰዓት! የድሮውን 28 ብንቀንስ ጭማሪው 234። የመምህርቷ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ብትሠራ በወር 30። አንድ ላይ 264። እኛ የምንፈልገው 272 አልነበር? የቀረችውን ስምንት ለማንም ተዉለት።

መምህርቷ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነበረች አልልም። ምድጃ ስታስገባ ለባለቤቷ መንገር ነበረባት፤ ይህን ለራሷም ነግሬያታለሁ። ግን 30 የበላው ግማሽ ከፍሎ፣ 262 የበላው ከሳሽ ሲሆን ምን ይባላል?

አክስቴ ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። እየዋሸች አልነበረም፤ ከልቧ አታውቅም። ምጣዱን አልጠረጠረችውም፣ ምክንያቱም አዲስ አይደለም። ምድጃዋን ጠረጠረች፣ ምክንያቱም አዲስ ናት። ሰው የሚያበራውን ያያል፣ የሚያግለውን ይረሳል። ሳሎን ውስጥ የበራች አምፑል ለማጥፋት ከአልጋው የሚነሣ አባወራ ጓዳ ስለሚንተከተከው ውሃ ማሞቂያ አይጠይቅም። እኔም ራሴ ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያው ነበርኩ።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። አክስቴ የእንጀራ ንግዷን ሒሳብ በደንብ ይዛለች፤ የጤፉን፣ የማስፈጫውን፣ የማድረሻውን። መብራት የሚባል ግን ሒሳቧ ውስጥ የለም። ለምን ይኖራል? ቢሉ ለአራት ይካፈላል እኮ! ምጣዱ ከሚበላው አራት ብር ሦስቱን የሚከፍሉት ተከራዮቹ ናቸው። በመጋቢት ደግሞ ግማሹን መምህርቷ ብቻዋን ከፈለች። እንጀራው ለምግብ ቤቱ፣ ትርፉ ለአክስቴ፣ መብራቱ ለመምህርቷ! ይህን ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። "ስጋግር ትኩስ ትኩሱን ለማን ነው የምሰጠው? ሲበሉ የለም እንዴ?" አለችኝ። እሱም እውነት ነው። ጋግራ ለተከራዮቿ ሳታቀምስ ውላ አታውቅም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይኸኛው አክስቴንም መምህርቷንም እኩል የሚጎዳ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል። በ2011 እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ሰው ለአንዱ የሚከፍለው 27 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ያ ደረጃ ጭማሪው ሲመጣም አልተነካም። ከ401 እስከ 500 ያለው ደረጃ ግን 1 ብር ከ4 ሳንቲም ገደማ ሆኗል። መምህርቷ የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት ምድጃዋን ጨምራ 50 አትሞላም፤ ከድሃው ደረጃ አትወጣም። በአንድ ቆጣሪ ላይ ግን አራት ቤተሰብ እንደ አንድ ትልቅ ሀብታም ቤት ተቆጥሮ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። የአክስቴ ኪሎ ዋት ሰዓት ሁለት እጥፍ ተኩል አካባቢ ሲሆን ብሩ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነው ለዚህ ነው።

ማታ አክስቴ ብቻዋን ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ ከመቀነቷ ገንዘብ ፈታች። ቆጥራ፣ እንደገና ቆጥራ ሰጠችኝና "ውሰጂላት" አለች። "ራስሽ ስጫት" አልኳት። አልሄደችም። ወስጄ ሰጠኋት። መምህርቷ ከሩቡ በላይ የከፈለችውን ብቻ ቆጥራ አስቀረች፣ ሌላውን መለሰች። ቤቱን ግን ለቀቀች። "ሌላ ክፍል አግኝቻለሁ፤ ደግሞ አሁን ብቀር ሰው ይቅር ብለዋት ቀረች ይላል" አለችኝ። አክስቴ በወጣችበት ቀን ትኩስ እንጀራ በሰፌድ አድርጋ በሯ ድረስ ሄዳ ነበር። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሰፌዱ ግን ባዶውን ተመልሷል።

ምጣዱስ? ቆመ ወይ ብትሉ፣ አልቆመም። ጠዋት ቀን ማታ መባሉ ግን ቀረ። ሸክላ ቶሎ አይግልም፤ ከቀዘቀዘበት በተነሣ ቁጥር አንዲት እንጀራ ሳይሰጣችሁ የሚበላው መብራት አለ። አክስቴ ቡኮውን ሁሉ አሰናድታ ባንዴ መጋገር ጀመረች። ሸክላ ቶሎ አይቀዘቅዝም ደግሞ፤ ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀራት ሶኬቱን ትነቅላለች፣ በትኩሳቱ ይበስላሉ። ሦስት ሰዓት የነበረው ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ወረደ። ለምጣዱም ለብቻው ከዋናው ቆጣሪ በኋላ የምትገጠም ትንሽ ቆጣሪ አስገባች፤ እሷ የምትቆጥረውን አክስቴ ትከፍላለች፣ የቀረው ለአራት ይካፈላል። ምግብ ቤቱ ላይም ዋጋ ጨመረች። አኩርፈው ሦስት ቀን ቆይተው ተመለሱ።

ወዳንቺ ልምጣ የባሕር ዳሯ እህቴ። አንቺና ባልሽ የተጣላችሁበትን ነገር ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ካውያ አንድ ሺህ ዋት ይሁንና በየቀኑ ሩብ ሰዓት ተኩሺ፤ በወር ስምንት ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። የባልሽ ቴሌቪዥን 80 ዋት ቢስብና በቀን አምስት ሰዓት ቢያይ 12 ነው። ጀርባና ጀርባ ያስተኛችሁ ነገር ሲደመር 20 ነው! ፍሪጃችሁ ትንሽ ከሆነና በሩ በደንብ የሚገጥም ከሆነ በወር 30 ወይም 40 ቢበላ ነው፤ ሲነሣና ሲቆም ይውላል እንጂ ሁልጊዜ አይሠራም። ላስቲኩ አልቆ በሩ ካልገጠመ ግን እረፍት የለውም፤ አንዲት ወረቀት በበሩ መሃል ይዘሽ ዝጊና ሳቢያት፤ ያለ ችግር ከወጣች ላስቲኩ ይቀየር።

ስለዚህ አከራይቷን በመልካም ቃል "እትዬ፣ ያለፉትን ሦስት ወራት ቢሎች ያሳዩን" በያቸው። ብሩን ሳይሆን የኪሎ ዋት ሰዓቱን ጻፊ። የጨመረው ብሩ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የማናችሁም አይደለም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗልና ዝም ብላችሁ ብትቀመጡም ቢሉ ይጨምራል። በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ በሚጠቀም መኖሪያ ቤት ላይም የተጨማሪ እሴት ታክስ መጥቷል። አምስት ቤተሰብ ባንድ ቆጣሪ 200 ለመዝለል ስንት ቀን ይፈጅበታል? ይህንንም ለአከራይሽ ንገሪያቸው፤ ለእሳቸውም ይጠቅማል።

የጨመረው ኪሎ ዋት ሰዓቱ ከሆነ ግን እሑድ ጠብቂና የደልጊውን አድርጉ። ቆጣሪያችሁ አዲስ ከሆነ የምትሽከረከር ብረት የለውም፤ ብልጭ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት ናት ያለችው። ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ፊቱ ላይ ተጽፏል። የካርድ ከሆነ ደግሞ የቀረውን ቁጥር ከመሰካታችሁ በፊትና በኋላ ማየት ነው። የታሸገችበትን ሽቦና ክዳኑን ግን ማንም እንዳይነካ፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው። ሁሉ ተነቅሎ ቆጣሪው ከቆጠረ፣ ወይም ቢሉ ላይ ያለው ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ከበለጠ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን 905 ደውላችሁ አመልክቱ።

ስትቆጥሩ ዓይንሽ የሚያበራው ላይ ሳይሆን የሚያግለው ላይ ይሁን። ማን ይጋግራል? ለማን ይጋግራል? ከግቢው የሻወር ውሃ የሚያሞቅ አለ? ምድጃ ያስገባስ? አንዱን ሳትከሺ ጠይቂ፤ ሰው ፊት ሌባ ካልሽው በኋላ ብትሳሳቺ ቃልሽን አታነሺውም።

ባልሽንም አብረሽው ቆጣሪው ፊት አቁሚው። ብልጭታውን እሱ ይቁጠር፣ አንቺ ሰዓት ያዢ። ምን እንዳገኛችሁ ጻፊልኝ፤ ምጣድ ከሆነ የማንን ምጣድ እንደሆነ ግን እንዳትነግሪኝ፤ አክስቴ ይህን ጋዜጣ ታነባለች።